ቀን የተጻፈበት ወረቀት፦ ስደተኛው ራልፍ ቤርና ፓተንቶቹ



በዚህ እትም የሳይንስ ዓምዳችን የአንድ የፈጠራ ሰውና የፓተንቶቹን ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ሰውየው ራልፍ ቤር ይባላል። ዛሬ ልጆች «ጌም» የሚሉትን፣ ሰው በእጁ እያዘዘ በቴሌቪዥን ላይ የሚጫወተውን ጨዋታ፣ ለቤት እንዲሆን አድርጎ በመፈልሰፉ «የቪዲዮ ጌም አባት» የሚል ስም ወጥቶለታል።

እሱን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ቤር በልጅነቱ ከትምህርት ቤት የተባረረና አገሩን ጥሎ የተሰደደ ሰው መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ሐሳቡ የእሱ መሆኑን በፍርድ ቤት ካረጋገጡለት ነገሮች አንዱ ቀን ጽፎበት ያስቀመጠው ጥቂት ገጽ ወረቀት መሆኑ ነው። ይህ ሁለተኛው ነገር እኛን የመጠለያ ጣቢያ ሰዎችን በጣም ይመለከተናል ባይ ነን። ለምን እንደሚመለከተን ወደ መጨረሻው እንመጣበታለን። (ካልገለጽን በስተቀር ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከትምህርት ቤት የተባረረው ልጅ

ቤር በ1922 ጀርመን አገር ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ የአይሁድ ልጆች ከሌሎች ልጆች ጋር እንዳይማሩ ተደረገ። ቤርም ከሚማርበት ትምህርት ቤት ተባርሮ የአይሁድ ልጆች ብቻ ወደሚማሩበት እንዲገባ ተገደደ። በ1938 ቤተሰቡ አገሩን ጥሎ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በዚያው ዓመት፣ ኖቬምበር 9 ቀን ሌሊት፣ በጀርመን ምድር የአይሁድ ምኩራቦች ተቃጠሉ፣ ሱቆቻቸው ተሰባበሩ። ጥቂት ወራት ቢዘገዩ ኖሮ ምን ይገጥማቸው እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

ኒው ዮርክ ሲደርስ ዕድሜው 16 ነበር። በቀጥታ ትምህርት ቤት አልገባም፤ በሳምንት 12 ዶላር እየተከፈለው ፋብሪካ ተቀጠረ። አንድ ቀን ታዲያ ስለ ኤሌክትሮኒክስ ትምህርት የሚናገር ማስታወቂያ ዓይኑ ገባ። ናሽናል ሬድዮ ኢንስቲትዩት ከተባለ ተቋም በተልእኮ የሬድዮ ጥገና ተማረና በ1940 ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ኒው ዮርክ ውስጥ ሬድዮ ይጠግን ነበር። በ1943 ወታደር ሆኖ ለንደን ተላከ። ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ለተመለሱ ወታደሮች የትምህርት ወጪ የሚሸፍንበት ሕግ ስለነበረ ቺካጎ ገብቶ ተማረ፤ በ1949ም በቴሌቪዥን ምህንድስና ዲግሪ ያዘ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ዲግሪ የሚሰጥ ትምህርት ቤት ብርቅ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። «ሰው ከጣረ የማይሆን ነገር የለም» እያሉ እንዲህ ያለ ታሪክ የሚተርኩ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። እኛ ግን እንዲያ አንልም። ቤር ትጉ ነበር፤ ነገር ግን በርም ተከፍቶለታል። የሚቀበለው አገር አገኘ፣ ትምህርቱ በፖስታ ደረሰው፣ የዲግሪውን ወጪ ሌላ ከፈለለት። እንደ እሱ ጎበዝ ሆነው መውጫ ያጡና ያለቁ ልጆች ስንት ናቸው? ትጋት ያለ በር ወዴትም አያስገባም፤ በር ቢከፈትም የሚገባበት ሰው ካልተዘጋጀ ዋጋ የለውም። ከሁለቱ በእጃችን ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም መዘጋጀቱ።

ፓተንት ምንድነው?

ተማሪዎቻችን «ፓተንት» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ሽልማት የሚመስላቸው አሉ። ፓተንት ሽልማት አይደለም፤ ውል ነው ብንል ይቀላል። ውሉ በፈጠራ ሰውና በመንግሥት መካከል ነው። የፈጠራው ሰው «ምስጢሬን አልደብቅም፤ ሥራዬን ሌላ ባለሙያ አንብቦ ሊሠራው እስኪችል ድረስ በጽሑፍና በሥዕል እገልጻለሁ» ይላል። መንግሥት ደግሞ በለውጡ «እንግዲያው ለተወሰነ ዓመት ያለ ፈቃድህ ማንም እንዳይሠራው፣ እንዳይሸጠው እከለክልልሃለሁ» ይላል። ዘመኑ ሲያልቅ ፈጠራው የሁሉም ይሆናል።

ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ፈጠራው አዲስ መሆን አለበት፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ፓተንት ማስደረግ አይቻልም። ሁለተኛ፣ ሐሳብ ብቻውን አይበቃም፤ እንዴት እንደሚሠራ መገለጽ አለበት። «በሰማይ የሚሄድ ብስክሌት አስቤአለሁ» ብሎ ነገር የለም። ሦስተኛ፣ ፓተንት የሚሠራው በተሰጠበት አገር ብቻ ነው። የአሜሪካ ፓተንት ናይሮቢ ውስጥ ማንንም አይከለክልም።

በኢትዮጵያም በ1987 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ከፈጠራና ከኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ጋር «አነስተኛ ፈጠራ»ንም በርዕሱ ጨምሮ ይዟል። ይህን የጠቀስነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀድሞ የነበረን መሣሪያ ትንሽ ማሻሻልም በሕግ ዘንድ ቦታ ሊኖረው እንደሚችል ያሳያል።

አራት ገጽ

ወደ ቤር እንመለስ። በ1956 ሳንደርስ አሶሺየትስ በሚባል፣ ለጦር ሠራዊት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በሚሠራ ኩባንያ ተቀጠረ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1951 በሌላ ኩባንያ ቴሌቪዥን ሲሠራ «ለምን ጨዋታ አንጨምርበትም?» ብሎ ጠይቆ ነበር፤ አለቃው አልተቀበለውም። ሐሳቡ ግን ከቤር ልብ አልወጣም።

ኦገስት 31 ቀን 1966 ለሥራ ኒው ዮርክ ሄዶ በአውቶቡስ መናኸሪያ ሰው ሲጠብቅ ማስታወሻ መያዝ ጀመረ። በማግስቱ፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን፣ ቢሮው ተመልሶ ማስታወሻውን በአራት ገጽ አስፋፍቶ ጻፈው። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ቴሌቪዥን በየቤቱ ነበር። ሰው ግን በቴሌቪዥኑ ምንም ሊያደርግ አይችልም፤ የመጣለትን ማየት ብቻ ነው። የቤር ሐሳብ፣ ሰውየው በእጁ እያዘዘ በመስተዋቱ ላይ ያለውን ሥዕል እንዲያንቀሳቅስ ማድረግ ነበር። በገጾቹም የጨዋታ ዓይነቶችን ዘረዘረ፤ ስፖርት፣ የካርታ ጨዋታ፣ የማስተማሪያ ጨዋታ ሳይቀር። በወረቀቱም ላይ ቀን ጻፈበት። ይህቺን ነገር አደራ ያዙልን።

ኩባንያው ለሙከራው 2,000 ዶላር ለሠራተኛ ደመወዝ፣ 500 ዶላር ለዕቃ መግዣ ፈቀደ። ቢል ሃሪሰን የተባለ ቴክኒሻን መሣሪያውን ሠራ። ቢል ረሽ የተባለ መሐንዲስ ደግሞ በ1967 ወሳኝ ሐሳብ አመጣ። እስከዚያ ድረስ በመስተዋቱ ላይ የነበሩት ሁለት ነጥቦች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ተጫዋች ሌላውን ያሳድዳል፣ በቃ። ረሽ «ሦስተኛ ነጥብ እንጨምርና መሣሪያው ራሱ ያንቀሳቅሰው» አለ። ሦስተኛው ነጥብ ኳስ ሆነ፤ ጨዋታውም ፒንግ ፖንግ ሆነ። ስለዚህ ፈጠራው የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ሦስቱም ስማቸው በፓተንት ላይ ሰፍሯል።

ነጥቧ በመስተዋቱ ላይ እንዴት ትቆማለች?

ይህ ክፍል ለፊዚክስ ተማሪዎችና መምህራን ነው፤ ሌሎቻችሁም ግን አትዝለሉት፣ ከባድ አይደለም።

ከኋላው የሚወፍረው አሮጌው ቴሌቪዥን ሥዕሉን የሚያሳየው በአንድ ጊዜ አይደለም። አንድ መምህር በሰሌዳ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ፣ መስመር በመስመር፣ ከላይ ወደ ታች እንደሚጽፍ ሁሉ የኤሌክትሮን ጨረር መስተዋቱን መስመር በመስመር ይጠርገዋል። በአሜሪካ ሥርዓት ሙሉው ሥዕል 525 መስመር አለው፤ በሰከንድ 30 ሥዕል ይጻፋል። እንግዲህ 525 በ30 ሲባዛ 15,750 ይሆናል። ይህ ማለት አንዱ መስመር የሚወስደው ጊዜ የአንድ ሰከንድ 63.5 ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ነው። ዓይናችን ይህን ፍጥነት ስለማይከተል ሙሉ ሥዕል ያየን ይመስለናል።

አሁን ልብ በሉ። ጨረሩ ሁልጊዜ በእኩል ፍጥነት ስለሚሄድ፣ በመስመሩ ላይ ያለ ማንኛውም ቦታ የራሱ ሰዓት አለው ማለት ነው። መስመሩ እንደጀመረ ብርሃኑን ብናበራ ነጥቡ በግራ ይታያል። ትንሽ ቆይተን ብናበራ መሐል ላይ፣ የበለጠ ብንቆይ በቀኝ በኩል ይታያል። ላይና ታችም እንደዚሁ ነው፤ ስንት መስመር ካለፈ በኋላ ይብራ የሚለው ነው የሚወስነው። በአጭሩ፣ «የት?» የሚለው ጥያቄ «መቼ?» ወደሚል ጥያቄ ተለወጠ። የፈጠራው ልብ እዚህ ላይ ነው።

«መቼ?» የሚለውንስ በእጃችን እንዴት እንቀይረዋለን? በውሃ ቦኖ ላይ ጀሪካን ስንሞላ አስቡ። ቧንቧው በደንብ ከተከፈተ ጀሪካኑ ቶሎ ይሞላል፤ ከጠበበ ይዘገያል። በመሣሪያው ውስጥ ጀሪካኑ ካፓሲተር ነው፣ ሬድዮ ጠጋኞች ኮንደንሰር የሚሉት። ቧንቧው ደግሞ ተለዋዋጭ ሬዚስተር ነው፤ ማለትም እንደ ሬድዮ ድምፅ መጨመሪያ የሚዞረው ቁልፍ። ተጫዋቹ ቁልፉን ሲያዞር ካፓሲተሩ የሚሞላበት ጊዜ ይረዝማል ወይም ያጥራል። ልክ ሲሞላ ነጥቡ ይበራል። ስለዚህ ቁልፉን ወዲህና ወዲያ ባዞርን ቁጥር ነጥቡ በመስተዋቱ ላይ ይሄዳል።

ኳሱ የተጫዋቹን ነጥብ ሲነካስ መሣሪያው በምን ያውቃል? ዓይን የለው! መልሱ ከላይ ካልነው ይመጣል። ቦታ ማለት ጊዜ ከሆነ፣ ሁለት ነጥቦች አንድ ቦታ ላይ ናቸው ማለት ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ይበራሉ ማለት ነው። ሁለት ምልክት በአንድ ጊዜ ሲመጣለት ብቻ የሚከፈት ትንሽ ሰርኪዩት ተሠራ። ሁለት ጠባቂዎች ሁለቱም ቁልፋቸውን ካላስገቡ የማይከፈት መጋዘን ማለት ነው። ሰርኪዩቱ ሲከፈት «ተነካ» የሚል ምልክት ይሄድና ኳሱ አቅጣጫውን ቀይሮ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ የተሠራው ያለ ኮምፒውተር ነው። በ1972 ማግናቮክስ የተባለ ኩባንያ «ኦዲሲ» ብሎ ለገበያ ያቀረበው መሣሪያ በውስጡ 40 ያህል ትራንዚስተርና 40 ያህል ዳዮድ ነበረው እንጂ ማይክሮፕሮሰሰር አልነበረውም። ውጤት እንኳ መቁጠር ስለማይችል ተጫዋቾቹ ነጥባቸውን በወረቀት ይጽፉ ነበር። ሜዳው እንዲታይም ቀለም የተቀባ ላስቲክ በመስተዋቱ ላይ ይለጠፍ ነበር። እንደዚያም ሆኖ እስከ 1975 ድረስ ከ3 መቶ ሺህ በላይ ተሸጠ። ባለሙያ ያለችውን ትንሽ ዕቃ እንዴት አብቃቅቶ እንደሚሠራባት ከዚህ መማር ይቻላል።

የማይተኩሰው ጠመንጃ

ከቤር ቡድን ሥራዎች አንዱ «የብርሃን ጠመንጃ» ነው። ጠመንጃ የሚለው ስም ለብዙዎቻችን ደስ የማይል ቢሆንም አሠራሩ ትምህርት ስላለው እንገልጸዋለን። ከመደብር የተገዛ የአሻንጉሊት ጠመንጃ ነበር። ተጫዋቹ በመስተዋቱ ላይ ወዳለችው ብሩህ ነጥብ ያነጣጥርና ምላጩን ይስባል። ብዙ ሰው ከጠመንጃው ወደ ቴሌቪዥኑ አንድ ነገር የሚወጣ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ከጠመንጃው ምንም አይወጣም፤ እንዲያውም ከቴሌቪዥኑ ብርሃን የሚቀበለው እሱ ነው። በውስጡ ብርሃን ሲያርፍበት የኤሌክትሪክ ምልክት የሚሰጥ ፎቶሴል አለ። ምላጩ ሲሳብ ፎቶሴሉ ብርሃን ካየ ነጥቧ ተመታች ማለት ነው፤ ካላየ ስቷል።

ይህ ከሮቦት ሳይንስ ጋር የሚገናኝ ነገር ነው። ሮቦት ሲባል ብረት ለብሶ የሚራመድ ሰው የሚመስላቸው ተማሪዎች አሉ። ሮቦት በመሠረቱ ሦስት ሥራ ይሠራል፤ በሴንሰር ይሰማል፣ የሰማውን ያነጻጽራል፣ ከዚያ መልስ ይሰጣል። ፎቶሴሉ ሰማ፣ ሰርኪዩቱ አነጻጸረ፣ መስተዋቱ ላይ ያለው ነጥብ መለሰ። ሰውም ያን አይቶ እጁን እንደገና ያንቀሳቅሳል። ይህ በሰውና በመሣሪያ መካከል የሚደረግ ምልልስ ነው «መስተጋብራዊ» የሚባለው። ዛሬ በጣታችን የምንነካው ሞባይልም በዚያው ሐሳብ ይሄዳል።

ክርክሩ

የቤር ዋናው ፓተንት ቁጥር 3,728,480 ሲሆን ማመልከቻው መጀመሪያ የገባው በጃንዋሪ 1968 ነው። የተሰጠው ግን ኤፕሪል 17 ቀን 1973 ነው። ርዕሱ «የቴሌቪዥን መጫወቻና ማሠልጠኛ መሣሪያ» እንደማለት ነው። ማሠልጠኛ የሚለውን ቃል ልብ ይሏል።

ቤር የኩባንያ ተቀጣሪ ስለነበረ የፈጠራው ሰው ስም የእሱ ቢሆንም የፓተንቱ ባለቤት ሳንደርስ ነው፤ ማግናቮክስ ደግሞ ፈቃድ ወሰደ። በሜይ 1972 ማግናቮክስ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦዲሲን ለነጋዴዎች ሲያሳይ ኖላን ቡሽኔል የተባለ ሰው መጥቶ አየው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የቡሽኔል ኩባንያ አታሪ «ፖንግ» የተባለውን የቴኒስ ጨዋታ አወጣ። ፖንግ እንደ ጉድ ተወደደ። ሌሎች ኩባንያዎችም ተከተሉ።

በ1974 ክስ ተመሠረተ። ቡሽኔል ኦዲሲን ማየቱ ታወቀ፤ ምክንያቱም በዚያ ቀን በእንግዳ መዝገቡ ላይ ስሙን ፈርሞ ነበር። አታሪ በ1976 በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቶ ፈቃድ ገዛ። ሌሎቹ ተከራከሩ። በጃንዋሪ 1977 ቺካጎ የተቀመጠው ዳኛ ለማግናቮክስና ለሳንደርስ ፈረደ፤ የቤርንም ፓተንት የዚህ ሙያ ቀዳሚ ነው አለ። በሚቀጥሉት ዓመታት ከክሶችና ከስምምነቶች የተገኘው ገንዘብ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ።

የተከሳሾቹ ክርክር ደካማ አልነበረም። ከቤር በፊት በስክሪን ላይ ጨዋታ የሠሩ ሰዎች ነበሩ። በ1958 ዊልያም ሂጊንቦታም የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በአንድ የአሜሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ ኦሲሎስኮፕ በሚባል የመለኪያ መሣሪያ ላይ ቴኒስ አሳይቷል። ጎብኚዎች ተሰልፈው ተጫውተውበታል። ሂጊንቦታም ግን ፓተንት አላወጣበትም፤ መሣሪያውም ከጊዜ በኋላ ተፈታቶ ለሌላ ሥራ ዋለ። በ1980ዎቹ ኔንቲዶ የቤርን ፓተንት ለማፍረስ ይህን ሲያነሣ ፍርድ ቤቱ «ኦሲሎስኮፑ የቴሌቪዥን ሥዕል ምልክት አይጠቀምም» ብሎ አልተቀበለውም። ሂጊንቦታም ብልህ ሰው ነበር፤ ሥራውም ድንቅ ነው። ቤር ግን ከሥራው ጋር ወረቀቱን ይዞ ቀረበ፤ አራቱን ገጾች፣ የሙከራ ደብተሮቹን፣ ቀኑን፣ ፊርማውን። ልዩነቱ ይህ ነው።

ሳይመን

አንባቢ «ታዲያ ቤር ከሌላ ሰው ምንም አልወሰደም?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ወስዷል። በ1976 በአንድ የንግድ ትርኢት ላይ አታሪ የሠራውን «ተች ሚ» የሚባል ጨዋታ አየ። መሣሪያው መብራትና ድምፅ በተራ ያሳያል፤ ተጫዋቹ ያንኑ ተራ ጠብቆ ይደግማል። ቤር ሐሳቡን ወደደው፣ ድምፁን ግን ጠላው። ከሃዋርድ ሞሪሰን ጋር ሆኖ አራት ባለቀለም ቁልፍ ያለው «ሳይመን» የተባለ መጫወቻ ሠራ። ለአራቱ ቁልፎች የመረጠው ድምፅ የወታደር ጥሩምባ የሚያወጣቸውን ድምፆች ነው። እነዚህ ድምፆች በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢመቱ ጆሮ አይቆረቁሩም። ሳይመን በ1978 ገበያ ወጣ፣ በጣምም ተሸጠ። ፓተንቱ ቁጥር 4,207,087 ሲሆን በ1980 ተሰጠ። ይህኛው ኦዲሲ ያልነበረው ማይክሮፕሮሰሰር ነበረው።

ይህ ከላይኛው ታሪክ ጋር የሚጣላ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ሕጉ «ማስታወስን ጨዋታ ማድረግ» የሚለውን ሰፊ ሐሳብ ለማንም አይሰጥም። የሚጠብቀው የተገለጸውን አሠራር ነው። የሌላውን ሥራ አይቶ የተሻለ መሥራት ነውር አይደለም፤ ዕውቀት የሚያድገው እንዲያ ነው። ያንኑ ያለ ለውጥ ገልብጦ የራስ ማድረግ ነው ነውሩ። ይህን መምህራን ለተማሪዎቻችን የቤት ሥራ ስንሰጥ ብንነግራቸው ጥሩ ነው።

ቤር በሕይወት ዘመኑ በልዩ ልዩ አገሮች ከ150 በላይ ፓተንት አስመዝግቧል። በ2006 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የአገሪቱን የቴክኖሎጂ ሜዳሊያ ሰጡት። የመጀመሪያ መሣሪያዎቹንና ወረቀቶቹን ለስሚዝሶኒያን ሙዚየም አስረክቧል። በዲሴምበር 2014 በ92 ዓመቱ ዐረፈ።

ለእኛስ?

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በመጠለያ ጣቢያችን ከተጣለ ዕቃ ሬድዮ የሚያስነሱ፣ በብስክሌት ዲናሞ መብራት የሚያበሩ፣ ለሞባይል ቻርጀር ራሳቸው የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። መምህራንም አሉን፤ ያለ ቤተ ሙከራ ኬሚስትሪ የሚያስተምሩበትን ዘዴ ያገኙ። ግን የት ተጽፏል? የትም። ሰውየው የሦስተኛ አገር ዕድል ያገኝና ይሄዳል፣ ወይም ወደ ሌላ ጣቢያ ይዛወራል፣ ወይም ወደ አገሩ ይመለሳል። እኛም አቅፈን ስመን እንሸኘዋለን። ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል። የሚቀጥለው ልጅ ከዜሮ ይጀምራል። እኛ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ቶሎ ቶሎ የምንበተን ሰዎች ስለሆንን፣ ከሌላው ይልቅ መጻፍ የሚገባን እኛ ነን። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው። አንድ ደብተር ያዙ። ገጾቹን ቁጥር ስጡ፤ ቅጠል አትገንጥሉ። በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ ጻፉ። ከላይ ቀኑን አስፍሩ። የሠራችሁትን በሥዕል አሳዩ፤ የከሸፈውንም ጻፉ፣ ምክንያቱም የከሸፈውን የሚያውቅ ሰው ጊዜ አያባክንም። በመጨረሻ ጓደኛችሁ አንብቦ «አይቼዋለሁ፣ ገብቶኛል» ብሎ ይፈርም። ካልገባው አይፈርም፤ እናንተም አስተካክላችሁ እንደገና ትጽፋላችሁ።

ላለማታለል ያህል፦ ደብተር ፓተንት አይደለም። ፓተንት ማመልከቻና ገንዘብ ይጠይቃል፤ ፓተንት ያወጣ ሁሉም ሀብታም አልሆነም። ሕጉም ተለውጧል፤ ከማርች 2013 ጀምሮ አሜሪካም ውስጥ ቅድሚያ የሚሰጠው ቀድሞ ለፈጠረው ሳይሆን ቀድሞ ላመለከተው ነው። ፓተንት ሊያወጣበት የሚያስብ ሰው እንግዲህ ሥራውን በአደባባይ ከማሳየቱ በፊት የሚያውቅ ሰው ያማክር። ደብተሩ ግን ሌላ ነገር ይሰጣል። ሥራው የማን እንደሆነ ይናገራል፣ ለሚመጣው ተማሪ መማሪያ ይሆናል፣ ባለቤቱም የትም ቢሄድ «ይህን ሠርቻለሁ» ብሎ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል። ሰርተፊኬታቸው በመንገድ የቀረባቸው ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል።

አንድ ደስ የሚል ነገር ጨምረን እናብቃ። የቤር ፓተንቶች ዘመናቸው አልፏል፤ ዛሬ የማንም ሰው ናቸው። ቁጥራቸውን በኢንተርኔት የጻፈ ሰው ሥዕላቸውን ሳይቀር በነፃ ያገኛቸዋል። ያ ከትምህርት ቤት የተባረረ ልጅ የጻፈው ነገር ዛሬ ለእኛ ክፍል መማሪያ ሊሆን የቻለው በወረቀት ስላሰፈረው ነው።

ለክፍል ውይይት

1. በአሜሪካ ሥርዓት በአንድ ደቂቃ ስንት የቴሌቪዥን መስመር ይጻፋል? (ፍንጭ፦ 15,750 በ60)
2. «የት?» የሚለው ጥያቄ «መቼ?» ወደሚል እንዴት እንደተለወጠ በራሳችሁ ቃል ለጓደኛችሁ አስረዱ።
3. የፓተንት መብት ለዘላለም ቢሆን ኖሮ ምን ጉዳት ይኖረው ነበር? ጨርሶ ባይኖርስ?
4. በመንደራችሁ አንድ ነገር መሥራት ወይም መጠገን የሚችል ሰው ፈልጉ። እንዴት እንደሚሠራ ጠይቃችሁ፣ በሥዕል አስደግፋችሁ፣ ቀን ጽፋችሁበት በአንድ ገጽ አቅርቡ። በገጹ ላይ የባለሙያውን ስም መጻፍ አትርሱ፤ ሥራው የእሱ ነውና። ጥሩ ጥሩዎቹን ባለሙያው ከፈቀደ በሚቀጥለው እትም እናወጣቸዋለን።